በኦክ እንጨት ጋን ያረጀ ቢራ፤ በቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከተማ

ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ የተመለሰ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጋው ስለ ሎንዶን ከተማ፤ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍት ነው። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ጊዜ ትምህርት ወደ ካምብሪጅ ተልከን በነበርንበት ወራት ይህን ሁሉ እንደ ወጉ ተመልክተናል። ዛሬ ልናወጋ ያሰብነው ግን ስለ አንዲት ትንሽ ከተማና፤ በዚያች ከተማ በአንድ ሽማግሌ ማዕድ ላይ ስለ ቀመስነው ጥቂት ብርጭቆ ቢራ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል። ለእኛ ቀላል ያልሆነበትን ምክንያት ወደ ታች እንገልጻለን።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል አማርኛን በመማር ላይ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎች መሆናቸውን እናውቃለን። እኛም ራሳችን ትግርኛ እየተናገርን ያደግን፤ አማርኛን ከመጽሐፍና ከመሥሪያ ቤት የተማርን ነን። ስለዚህ የጣዕም ቃላት በሁለተኛ ቋንቋ እንደ ምን እንደሚያስቸግሩ ደርሶብን አይተነዋል። ደብዳቤ ማርቀቅና መዝገብ ማደራጀት በአንድ ዓመት ይለመዳል፤ «ሆምጣጣ» የሚባለውን «ጎምዛዛ» ከሚባለው መለየት ግን አፍ እንጂ መጽሐፍ አያስተምረውም። እንግዲህ ቃላቱን ባገኘንበት ስፍራ ጥቂት ብንቆም አንባቢ ይታገሠን። የምንጠቅሰውም ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከካምብሪጅ ወደ ምሥራቅ በሚሄደው ባቡር ተሳፍረን ሰፎክ ወደሚባለው አውራጃ የሄድነው በጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም። አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ ለለመደ ዓይን የሚያርፍበት የሌለው ይመስላል። ገብሱ ታጭዶ ገለባው በክብ በክብ ተጠቅልሎ በየማሳው ተቀምጧል። ወደ ከተማይቱ ሲቃረቡ በመጀመሪያ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ግንብ ይሆናል ብለን ስንጠባበቅ፤ የታየን ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ታላቅ የነጭ እንፋሎት ዓምድ ሆነ። ይህ ፋብሪካ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳርን ከአገዳ ሳይሆን ከመሬት በታች ከሚበቅል ሥር የሚያወጣ ነው። ከባቡሩ እንደ ወረድን እርጥብ አፈርና የተቀቀለ ሥር የሚመስል ከባድ ሽታ ተቀበለን፤ ወደ መካከለኛው ከተማ በገባን መጠን ግን ያ ሽታ እየቀረ ሌላ ሽታ ተተካ። ይህኛውን ወዲያውኑ አወቅነው። በሙቅ ውኃ የተነከረ ብቅል ሽታ ነበረና።

ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ስሟን ያገኘችው በ869 ዓ.ም. በዴንማርክ ወራሪዎች እጅ ከተገደለው ከምሥራቅ አንግልያ ንጉሥ ከኤድመንድ ነው። ዐፅሙ ባረፈበት ስፍራ ንጉሥ ክኑት በ1020 ዓ.ም. ታላቅ ገዳም አቆመ፤ ይህም ገዳም እስከ 1539 ዓ.ም. ድረስ፤ ማለት ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የእንግሊዝን ገዳማት እስካስዘጋበት ዘመን ድረስ፤ በአገሩ ካሉት ባለጠጋ ገዳማት አንዱ ሆኖ ኖረ። በ1214 ዓ.ም. የእንግሊዝ መኳንንት በዚህ ተሰብስበው ንጉሥ ጆን የነጻነትን ቃል ኪዳን እንዲቀበል ለማስገደድ እንደ ማሉ ይተረካል። ዛሬ የቀረው ፍርስራሽ ነው። ነገር ግን ፍርስራሹ እንደ ሌላው አገር በአጥር ተከልሎ ብቻውን የቆመ አይደለም፤ በገዳሙ የፊት ግንብ ቅሪት ውስጥ ሰዎች ቤት ሠርተው ይኖሩበታል። ከአንዱ ቅስት ሥር መስኮት ወጥቷል፤ በመስኮቱም ላይ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል። እኛ በዚህ ተደንቀን ብዙ ቆምን።

መነኰሳቱ ጸሎት ብቻ አልነበረም ሥራቸው። በ1086 ዓ.ም. ድል አድራጊው ንጉሥ ዊልያም ባስጻፈው የግብር መዝገብ ውስጥ በዚህች ከተማ የአበ ምኔቱ አገልጋዮች ከሆኑት መካከል ቢራ ጠማቂዎችም ተጽፈው ይገኛሉ። እንግዲህ የጠመቃው ሥራ በስፍራው ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። አሁን በከተማይቱ መካከል የሚታየውን ጠመቃ ቤት ቤንጃሚን ግሪን የሚባል ሰው በ1799 ዓ.ም. አቋቋመው፤ በ1887 ዓ.ም. ከጎረቤቱ ከኪንግ ጠመቃ ቤት ጋር ተባብሮ «ግሪን ኪንግ» ተባለ። ዝነኛው ደራሲ ግራሃም ግሪን የዚሁ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ከዚህም በቀር ሊሸሸግ የማይገባው ነገር አለ። ቤንጃሚን ግሪን በምዕራብ ህንድ ደሴቶች የባሪያ ጉልበት የሚሠራባቸው የአገዳ እርሻዎች ነበሩት፤ ባርነት እንዳይቀርም በጽሑፍ ይሟገት ነበር፤ በ1833 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ባርነት ሲሻርም ካሣ የተቀበለው እሱ እንጂ ባሮቹ አልነበሩም። ኩባንያው ስለዚህ ጉዳይ በ2020 ዓ.ም. በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። የጋበዙን ሽማግሌ ይህን ያወጉን ገና ጠርሙሱ ሳይከፈት ነበር፤ «የምትጠጡትን ከየት እንደ መጣ ዐውቃችሁ ጠጡ» አሉን።

እኚህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው ወደ አገራችን መጥተው በውኃ ጕድጓድ ቁፋሮ ሥራ ጥቂት ዓመታት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠቅስ ስለ ጠየቁን አንጠቅሰውም። ቤታቸው ከጠመቃው ቤት በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ነፋሱ በዚያ በኩል ሲመጣ የብቅሉ ሽታ እስከ ማድቤታቸው ይደርሳል። ምሳ ከበላን በኋላ ገበታውን አጸዱ፤ ብርጭቆዎቹን በሙቅ ውኃ ብቻ፤ ያለ ሳሙና፤ አጠቡ፤ ከምድር ቤት ሁለት ጠርሙስ አወጡ። አንዱ «አቦት» የሚባለው ነበር፤ በአማርኛ «አበ ምኔት» ማለት ነው፤ ከመቶ 5 እጅ አልኮል ያለው የዕለት ቢራ ነው። ሁለተኛው «ስትሮንግ ሰፎክ» የተባለው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ገዝተው ያኖሩት፤ ከመቶ 6 እጅ የሆነ ጠቆር ያለ ቢራ ነበር።

የዚህ የሁለተኛው አሠራር ልዩ ስለ ሆነ ጥቂት እንበልበት። ጠማቂዎቹ በመጀመሪያ «አሮጌው 5ኤክስ» የሚሉትን ከመቶ 12 እጅ የደረሰ ብርቱ ቢራ ይጠምቃሉ። ይህን በሁለት ታላላቅ የኦክ እንጨት ጋኖች ውስጥ ይገለብጡታል፤ እያንዳንዱ ጋን 100 በርሚል፤ ማለት ወደ 16 ሺሕ ሊትር ያህል ይይዛል። በዚያም ሁለት ዓመት ያህል ይተኛል። በጋኖቹም ክዳን ላይ ከሰፎክ ምድር የተቈፈረ ኖራ ያለበት ሸክላ አፈር ይደለደላል፤ ይህም በአየር ላይ የሚንሳፈፈው የዱር እርሾ እንዳይገባ ነው። ጊዜው ሲደርስ ያረጀው ቢራ ብቻውን አይሸጥም፤ ገና ከተጠመቀ ጠቆር ካለ ቢራ ጋር ተደባልቆ ወደ ጠርሙስ ይገባል። «ስትሮንግ ሰፎክ» ሲሠራ የኖረው እንደዚህ ነው።

የአፈሩን ነገር ሲነግሩን እኛ ፈገግ አልን። በአገራችን ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች የጋኑን አፍ በጭቃ ይመርጉታል። «መመረግ» የሚለውን ቃል ተማሪው ቤት ሲሠራ ከሚሰማው ግድግዳን በጭቃ ከመምታት ጋር አንድ ነው፤ ቃሉም ጭቃውም አንድ ናቸው። በዚያች ሰዓት ግን ይህን ለሽማግሌው አልተናገርንም። ያልተናገርንበትንም ምክንያት ወደ ታች እንጽፋለን።

ሽማግሌው ሕግ አወጡ። «ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። እኔ ምንም ሳልናገር እርስዎ ያገኙትን ይጻፉ፤ ሰው ከነገረዎት በኋላ የራስዎ ምላስ ዝም ይላልና» አሉን። ቢራውን ከምድር ቤቱ ቅዝቃዜ በላይ አላቀዘቀዙትም። ከበረዶ ቤት የወጣ ቢራ ጣዕሙ ተቈልፎ ይቀራል፤ እስከ 13 ዲግሪ ሲሞቅ ነው የሚከፈተው።

ከ«አቦት» ጀመርን። መልኩ እንደ ደረቀ የማር ሰፈፍ ነው፤ የተቆላ ብቅልና ጥቂት የፍራፍሬ ጣዕም አለው፤ በመጨረሻም ሆፕ የሚባለው አበባ መራራነት ይመጣል። ሆፕ በእነርሱ ዘንድ ጌሾ በእኛ ዘንድ የያዘውን ስፍራ የያዘ ነው። ንጹሕና ቀና ቢራ ነው። ስለ እሱ ሦስት መስመር ጽፈን ብርጭቆውን ወደ ጎን አደረግን።

ሁለተኛው ሲቀዳ ጥቁር መሰለ፤ ወደ መስኮቱ ብናነሣው ግን በዳር በዳሩ ቀይ ሆኖ ታየ፤ እንደ አሮጌ ወይን ጠጅ። አረፋው ጥቂት ነው፤ ፈጥኖም ይከስማል። በአፍንጫ ስንቀርበው በመጀመሪያ ዘቢብ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ስኳር መጣ። ጥቂት ቆይቶ ዝናብ የመታው አሮጌ ሣንቃ ሽታ፤ ከእሱም ሥር እንደ ብረት ያለ፤ የሰው እጅ ብዙ ዘመን የያዘው የቍልፍ ሽታ የሚመስል ነገር አገኘን። ይህን ሁሉ ጻፍን። ከዚያም ጠጣንና በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል በትልቁ ጻፍን፤ «ሆምጥጧል»።

ሽማግሌው ወረቀቱን ተመልክተው ሳቁ። «ተበላሽቷል ማለትዎ ነውን?» ብለው ጠየቁን። እኛም ከትሕትና የተነሣ «እንግዳ ስለ ሆንን አናውቅም» አልን። «አይደለም፤» አሉ፤ «ዳኛ ነዎት። እንደገና ይቅመሱና ይፍረዱ። ሆምጣጣ ሁሉ አንድ ነውን?»

ይህ ጥያቄ ከእንግሊዝ ሽማግሌ አፍ ሲወጣ የሰማነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ጥያቄውን ግን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እንደገና ቀመስን፤ አሁን ግን በተማርነው መንገድ ቀመስን። ጥቂቱን በምላስ ላይ አሳርፈን አፍ ዘግተን በአፍንጫ ተነፈስን፤ ከዋጥንም በኋላ ሆምጣጣው የት እንደሚቀመጥ ጠበቅን። ሆምጣጣ ሁለት ዓይነት ነውና። አንዱ ጉሮሮን ይይዛል፤ ዓይንን ያስጨፍናል፤ በአፍንጫም ይወጣል፤ ይህ አየር ያገኘው፤ ወደ ሆምጣጤ የሄደ መጠጥ ነው፤ መደፋት ይገባዋል። ሁለተኛው በምላስ ጎንና ጎን ተቀምጦ ምራቅ ያመጣል፤ ጉሮሮን ሳይነካ ያልፋል፤ ይህ እንደ እርጎ ያለ ሆምጣጣ ነው፤ የመጠጥ ዕድሜ እንጂ በሽታው አይደለም። የዚያ ቢራ ሆምጣጣነት ሁለተኛው ነበር። «ሆምጥጧል» የሚለውን ሰርዘን «ምራቅ ያመጣል፤ ጉሮሮ አይዝም» ብለን ጻፍን።

እንግሊዞች ራሳቸው ስለዚህ ነገር ቋንቋቸውን ለውጠዋል። ዛሬ «ስቴል» ሲሉ የሻገተ ወይም የጠወለገ ማለታቸው ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ይህ ቃል የምስጋና ቃል ነበር፤ ቆይቶ የበሰለ ቢራ ማለት ነበርና። አዲሱ ደግሞ «ማይልድ» ይባል ነበር፤ መጠጥ ሻጮችም ሁለቱን በደንበኛው ፈቃድ ያደባልቁ ነበር። የኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሊቅ ኒልስ ክላውሰን በ1904 ዓ.ም. የእንግሊዝን ያረጀ ብርቱ ቢራ መርምሮ፤ ልዩ ጣዕሙን የሚሰጠው ከተለመደው እርሾ ሌላ የሆነ፤ ቀስ ብሎ የሚሠራ እርሾ መሆኑን አስታወቀ፤ ስሙንም «ብሬታኖማይሲስ»፤ ማለት «የብሪታንያ ፈንገስ» ብሎ አወጣለት። በብዙ ጠመቃ ቤት ይህ እርሾ ጠላት ነው፤ ጥቂት ሲሆን የቆዳና የፈረስ ኮርቻ ሽታ ይሰጣል፤ ሲበዛ ግን በረት ውስጥ እንደ መግባት ነው። አሮጌው እንጨት በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲህ ያሉትን ነፍሳት ከአንድ ጠመቃ ወደ ሌላ ጠመቃ ያሻግራል፤ ጥቂት ጥቂት አየርም ያስገባል። ያ በዘቢብና በአሮጌ ወይን ጠጅ የመሰልነው ጣዕምም ከዚሁ ቀስተኛ አየር የሚወለድ ነው።

ሽማግሌው ወረቀታችንን ደግመው አነበቡ። «ጉሮሮ አይዝም» የሚለውን በጣታቸው እያሳዩ፤ «ይህን የጻፈ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ አይደለም። ማን አስተማረዎት?» አሉን።

እኛም ዝም አልን። ዝምታው ከሚገባው በላይ ረዘመ።

ያስተማሩን እናታችን ናቸው። እናታችን በዓዲግራት ስዋ ጠምቀው ይሸጡ ነበር፤ ስዋ በትግርኛ ጠላ ማለት ነው። በደጃፋችን በቆመው እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነበር፤ ይህም መጠጥ ያለበት ቤት ምልክት ነው። ብቅሉን ራሳቸው ያበቅላሉ፤ ጌሾውን ራሳቸው ይወቅጣሉ፤ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው ካጠቡ በኋላ በወይራ ጢስ ያጥኑታል። «ማጠን» ማለት ዕቃን በጢስ ሽታ ማስዋብ ነው። ደንበኛ «ስዋው ሆምጥጧል» ያለ እንደ ሆነ አይቈጡም፤ እኛን ይጠሩና «ቅመስ፤ የት ላይ ያዘህ?» ይሉናል። ጉሮሮን ከያዘ ጋኑን ሙሉ ይደፉታል፤ ያ ማለት የአንድ ሳምንት ድካም ማለት ነው። ምራቅ ካመጣ ግን «ይህ ሰው ትናንት ብዙ ጠጥቷል፤ አፉ ነው የሆመጠጠው» ብለው ይስቃሉ። የሚስዮን ትምህርት ቤት ክፍያችን፤ ደብተራችንና ጫማችን ሁሉ ከዚያ ጋን የወጣ ነበር።

በትምህርት ቤቱ ግን መጠጥ ኃጢአት ነበር፤ የጠማቂ ቤትም የኃጢአት ቤት ነበር። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ የእናታችንን ሥራ ቢጠይቁን «ፈትል ይፈትላሉ» አልን። ይህ ቃል ለስምንት ዓመት በመዝገብ ኖረ። አንድ ጊዜ፤ የፋሲካ ሰሞን፤ እናታችን ሕምባሻ ጋግረው፤ ከስዋውም በትንሽ ማሰሮ ይዘው ሊጠይቁን መጡ። የማሰሮው አፍ በቅጠል ተከድኗል፤ ሽታው ግን ከሩቅ ይታወቃል። ጓደኞቻችን በግቢው ውስጥ ነበሩ። እኛም ሮጠን ከበሩ ላይ ተቀብለናቸው ሕምባሻውን ወሰድን፤ እሳቸውን ግን ከበሩ መለስናቸው። ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው፤ ማሰሮውን ታቅፈው፤ የሁለት ሰዓቱን መንገድ በእግራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ እኛ በምናድርበት ትምህርት ቤት በር ላይ አልታዩም። እኛም ተምረን የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንን በኋላ ስለ ቤተሰባችን ሲጠየቅ «ገበሬዎች ናቸው» እያልን ኖርን።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አልተረክንላቸውም። «እናታችን ጠማቂ ናቸው፤ እሳቸው አስተማሩን» ብቻ አልናቸው። ሃያ ዓመት ያህል በአፋችን ያልወጣ ቃል ነበር። ሽማግሌው በዚህ ምንም አልተደነቁም፤ «ገምቼ ነበር» ብለው ወዲያውኑ ስለ ጋኑ አሠራር፤ ስለ ጢሱ፤ ስለ ጭቃው ምርጊት ይጠይቁን ጀመር። ጥያቄአቸው እስከ ምሽት አላለቀም። እኛም የማናውቀውን ነገር ስንጠየቅ እናታችንን ባለመጠየቃችን አፈርን።

በመካከሉ ሦስተኛ ጠርሙስ ተከፈተ። ይህ የአሜሪካ ውስኪ ቀድሞ ባረፈበት በርሚል ውስጥ ያረጀ ብርቱ ጥቁር ቢራ ነበር። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን የሚባለው ውስኪ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ ዕቃ እንዲያርፍ ያዝዛል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ያገለገለው በርሚል ለሌላ ይሸጣል፤ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ቢራ ጠማቂዎች በብዛት የሚገዙት ይህን ነው። እዚህ የእንጨቱ ሥራ ከአሮጌው ጋን ፈጽሞ የተለየ ነው። ኦክ በእሳት ሲመታ ቫኒላ የሚሸት ነገር ይሰጣል፤ ከእንጨቱም ቅባት የኮኮናት ጣዕም፤ ጥቂትም ቅርንፉድ ይወጣል፤ ከዚህም በላይ እንደ ጠነከረ ሻይ አፍን የሚያደርቅ ነገር አለው። ይህን አፍ ማድረቅ ከመራራነት ጋር መደባለቅ አይገባም፤ መራራ በምላስ ላይ ይሰማል፤ አፍ የሚያደርቀው ግን በድድና በጕንጭ ላይ ይሰማል።

ቢራው ሲቀመስ ጣፋጭና ወፍራም ነው፤ ብዙ ሰው ይወደዋል። የእኛ ፍርድ ግን እንዲህ ነው፤ እንጨቱ ቢራውን አስረጀው እንጂ አላሳደገውም። ቫኒላው ከሁሉ ቀድሞ ይናገራል፤ ከሁሉም በኋላ ዝም ይላል። የመጀመሪያው ጕንጭ ያስደስታል፤ ሦስተኛው ይሰለቻል። በአሮጌው ጋን ያደረው ግን በመጀመሪያው ጕንጭ ያስፈራል፤ ከዚያም በኋላ እያንዳንዱ ጕንጭ አዲስ ነገር ያሳያል፤ ብርጭቆው ሲያልቅም ያ የብረት ጣዕም ከጥቂት ጨው ጋር በአፍ ይቀራል። ከሁለቱ የትኛውን ለእንግዳ እናቀርባለን ቢባል ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ምንም እንኳ ብረቱ ጥቂት ቢቀንስ በወደድን። በቤልጅግ አገር በሩስላሬ ከተማ ያለው በ1821 ዓ.ም. የተቋቋመው የሮደንባክ ጠመቃ ቤትም ቢራውን የሚያስረጅባቸው 294 የኦክ ጋኖች እንዳሉት፤ እነሱን የሚጠግኑ የራሱ አናጢዎችም እንዳሉት ሽማግሌው ነገሩን፤ የዚያ ቢራ ግን ሆምጣጣነቱ ከሰፎኩ በጣም የበረታ ነው።

የጋን ነገር ከተነሣ ዘንድ አንድ አሳዛኝ ወሬ ጨመሩልን። በ1814 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሎንዶን ከተማ በአንድ ጠመቃ ቤት ከ6 ሜትር በላይ ቍመት ያለው የቢራ ጋን የብረት ቀበቶው ወልቆ ፈነዳ፤ ሌሎቹንም ሰበረ፤ የጥቁር ቢራው ጎርፍ ግድግዳ ጥሶ ወደ ድኾች ሰፈር ገብቶ ስምንት ሰዎችን ገደለ። ሁሉም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ ይባላል። በዚያ ዘመን ጠማቂዎች በጋን ትልቅነት ይፎካከሩ ነበር። ከዚህ ወሬ በኋላ ጥቂት ጊዜ ማንም ብርጭቆውን አላነሣም።

በማግስቱ ስንለያይ ሽማግሌው አንድ የቀራቸውን «ስትሮንግ ሰፎክ» በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን። «ለመምህርዎ ነው» አሉ። ጠርሙሱ ከእኛ ጋር ወደ ካምብሪጅ፤ ከካምብሪጅም በልብስ ሣጥናችን ውስጥ በሹራብ ተጠቅልሎ ወደ አገር ቤት ገባ።

እናታችን አርጅተዋል፤ አሁን አይጠምቁም፤ ነገር ግን ሠርግ ያለበት ጎረቤት ስዋውን ሳያስቀምሳቸው ድግሱን አይጀምርም። ዓዲግራት በደረስን በሁለተኛው ቀን፤ ከቡና በኋላ፤ ጠርሙሱን አውጥተን ከየት እንደ መጣ ነገርናቸው። ጠርሙስ ስላላመናቸው ቢራው በዋንጫ ተገለበጠ። ሽማግሌው የማን ተማሪ መሆናችንን ጠይቀውን ምን ብለን እንደ መለስንም ነገርናቸው፤ ይህን ስንናገር ወደ ዋንጫው እንጂ ወደ ፊታቸው አልተመለከትንም። እናታችን ምንም አልመለሱልንም። ዋንጫውን ወደ እኛ ገፋ አድርገው «ወደይ፤ ቅመስ፤ የት ላይ ያዘህ?» አሉን።

«ምላስ ላይ ነው አደይ፤ ጎንና ጎኑን። ጉሮሮ አይዝም» አልን።

ዋንጫውን ተቀበሉን። አሸተቱ፤ ጥቂት ጠጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያም «እውነትህን ነው፤ አይዝም። ብቅሉ ጥሩ ነው። ጋኑ ግን አልታጠነም፤ እንጨት እንጨት ይላል» አሉ። ጋኑ ራሱ እንጨት መሆኑን፤ በእንጨቱም ውስጥ ሁለት ዓመት መተኛቱን ስናስረዳቸው ዋንጫውን ከአፋቸው አወረዱና ተመለከቱን።

«ሁለት ዓመት? ጠጪ አጥተው ነውን?»

የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ መልሰው፤ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ወትፈው፤ ማታ ለሚመጡት ለጎረቤታቸው ከመደቡ ሥር አስቀመጡት።